ውሃ የተሞላ ድቡልቡል ብርጭቆ፦ ምስሉ ውሃው ካለቀ በኋላ እንዴት ያርፋል?

ሁለተኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ማታ 2:10
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አራት ኪሎ ፊዚክስ እማራለሁ፤ የኦፕቲክስ ፈተናችን ሐሙስ ነው። መልሱ እጄ ላይ ያለ፣ ግን ጨርሶ ያልገባኝ ጥያቄ አለ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ራዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ብርጭቆ ውሃ ተሞልቷል። ብርጭቆው ስስ ስለሆነ እንደሌለ ቁጠሩት ተብሏል። የውሃው ኢንዴክስ (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር የሚነግረው ቁጥር) 4/3፣ የአየሩ 1 ነው። ብርሃኑ የሚመጣው በጣም ሩቅ ካለ ነገር ነው። ምስሉ የት ያርፋል?

ለአንድ ኩርባ ገጽ የተሰጠን ፎርሙላ ይኸው። ፊደሎቹን ለዚህ መድረክ እንዲመቹ ቀይሬያቸዋለሁ፦ ኢ1 ብርሃኑ የሚመጣበት ኢንዴክስ፣ ኢ2 የሚገባበት፣ ቁ የዕቃው ርቀት፣ ም የምስሉ ርቀት፣ ራ የኩርባው ራዲየስ።

ኢ1/ቁ + ኢ2/ም = (ኢ2 − ኢ1)/ራ

በመጀመሪያው ገጽ ቁ ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ም = 20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። እሺ። ኳሱ ግን ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው! ምስሉ ውሃውን 10 ሳንቲ ሜትር አልፎ አየር ላይ ሄደ ማለት ነው፤ ፎርሙላው ውስጥ ያስገባሁት ኢ2 ደግሞ የውሃ ነው። ውሃ በሌለበት ቦታ የውሃ ኢንዴክስ ምን ይሠራል?

ቀጥሎ መምህራችን ያንኑ ምስል ለሁለተኛው ገጽ ዕቃ አደረጉትና ቁ = −10 ብለው አስገቡ። ርቀት እንዴት ኔጌቲቭ ይሆናል? መጨረሻ ላይ ከኋለኛው ገጽ 5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ከመልሱ ጋር ይገጥማል። ሒሳቡ ገባ፣ ነገሩ አልገባም።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ | ሰኞ፣ ማታ 2:24
ሸምድጂና ግቢ እህቴ። ፈተና «ገብቶሻል ወይ» ብሎ አይጠይቅም።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 2:31
ችግሩ ያለው የምልክት ስምምነቱ ላይ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ነገር ከገጹ ይለካል፤ ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ወደ ግራ ኔጌቲቭ። ዕቃው በግራ ስለሚቀመጥ ቁ ከመጀመሪያውም ኔጌቲቭ ነው፣ ፎርሙላውም ኢ2/ም − ኢ1/ቁ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ያንቺ ሁለተኛ ቁ +10 ነው፤ በቀኝ በኩል ያለ ነጥብ፣ በቃ። ምንም ሚስጥር የለውም።

ሁለተኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ማታ 2:40
ምልክቱ ቢቀየርም ጥያቄው ያው ነው እኮ። ብርሃኑ ገና ያልደረሰበት ነጥብ እንዴት «ዕቃ» ይባላል?

ጡረተኛው_መምህር | ሰኞ፣ ማታ 3:05
ጥያቄሽ ጥሩ ነው ልጄ። አብዛኛው ተማሪ ሳይጠይቀው ነው ተመርቆ የሚወጣው። የአምስት ኪሎው ወንድማችን ያለውም ትክክል ነው፤ ሁለቱን ስምምነት በአንድ ወረቀት ላይ አትቀላቅሉ እንጂ የፈለጋችሁትን ያዙ። ነገር ግን ምልክት መቀየር ለጥያቄዋ መልስ አይሆንም።

ከመጀመሪያው ገጽ እንነሳ። ፎርሙላው አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚያውቀው። በግራ አየር፣ በቀኝ ውሃ፣ ውሃውም እስከ ዓለም ዳርቻ የሚዘልቅ ነው የሚመስለው። «20» ሲልሽ እንዲህ ማለቱ ነው፦ ይህን ጨረር ማንም ባይነካው፣ ውሃውም ባያልቅ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይገናኝ ነበር። የውሃው ኢንዴክስ የገባው ምስሉ ያለበት ቦታ ውሃ ስለሆነ አይደለም። ጨረሮቹ ያንን አቅጣጫ የያዙት ውሃ ውስጥ ሆነው ስለሆነ ነው። አቅጣጫ የሚወሰነው ገጹ ላይ ነው፤ 20 ያ አቅጣጫ ተዘርግቶ ሲታይ የሚያሳየው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ኋለኛው ገጽ እንሂድ። ይህ ገጽ ከፊቱ የተፈጸመውን አያውቅም፣ ከኋላው የሚመጣውንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ጨረሮቹ በምን ማዕዘን ደረሱበት? ከሻማ የወጣ ብርሃን ሲደርስበት ጨረሮቹ እየተበተኑ ነው የሚደርሱት። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ብንከተላቸው የሚገናኙበት ነጥብ፣ ማለትም ሻማው፣ ከገጹ ፊት ነው፤ ቁ ፖዘቲቭ እንለዋለን። ባንቺ ጥያቄ ግን ጨረሮቹ እየተሰባሰቡ ደረሱ። የሚገናኙበት ነጥብ ከገጹ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ቁ ኔጌቲቭ። ሜትር ይዘሽ የምትለኪው ርቀት ኔጌቲቭ ሆነ ማለት አይደለም። ምልክቱ የሚነግርሽ ብርሃኑ ሲደርስ እየተበተነ ነው ወይስ እየተሰባሰበ የሚለውን ብቻ ነው።

በሉ አስገቢ፦ ኢ1 = 4/3፣ ኢ2 = 1፣ ቁ = −10። ራ ደግሞ −5 ነው፤ የዚህ ገጽ ማዕከል ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ስላለ። 1/ም = 1/15 + 2/15 = 1/5። ከኋለኛው ገጽ 5 ሳንቲ ሜትር። እየተሰባሰበ የመጣውን ብርሃን ገጹ ይበልጥ ሰበሰበው፤ 10 ላይ ሊገናኝ የነበረው 5 ላይ ተገናኘ።

ሌንስ_ቆራጭ | ሰኞ፣ ማታ 3:48
መምህር፣ ጥሩ አድርገው አስቀመጡት። እኔ ፒያሳ መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ እኛ ጋ «ቁ» እና «ም» የሚባል ነገር የለም። ሥራው ሁሉ በዳይፕተር ነው፣ ደንበኛ «ቁጥር» የሚለው ማለት ነው። የዚችን ልጅ ጥያቄ በእኛ አሠራር ልሞክረው።

የአንድ ገጽ ቁጥር የኢንዴክሶቹ ልዩነት ሲካፈል በራዲየሱ ነው፣ ራዲየሱ በሜትር። አየርና ውሃ ከሆነ 0.333 ሲካፈል በ0.05፣ ማለትም +6.67። ኋለኛውም ገጽ እንዲሁ +6.67፣ ሁለቱም ሰብሳቢ ናቸው።

ከሩቅ የመጣ ብርሃን ቁጥሩ 0 ነው፤ አይበተንም፣ አይሰበሰብም። ፊተኛው ገጽ +6.67 ጨመረበት። አሁን ብርሃኑ ውሃ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ እዚህ ላይ ነው ተማሪ የሚሰናከለው። እየተሰባሰበ የሚሄድ ብርሃን በሄደ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል፣ መገናኛው እየቀረበ ነዋ። መነሻው ላይ 20 ይቀረው ነበር፤ ኋለኛው ገጽ ሲደርስ የሚቀረው 10 ነው። የብርሃኑ ቁጥር ያለበት ኢንዴክስ ሲካፈል በሚቀረው ርቀት ነው፣ እሱም በሜትር፦ 1.333 ሲካፈል በ0.10፣ 13.33። ኋለኛው ገጽ 6.67 ሲጨምርበት 20 ዳይፕተር። 1 ሲካፈል በ20፣ 5 ሳንቲ ሜትር። ኔጌቲቭ ርቀት የሚባል ነገር አላስፈለገንም።

መነጽርም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ማይነስ 2 የታዘዘለት ሰው ሌንስ በሁለቱም በኩል ጎድጓዳ አይደለም። ፊቱ ጎበጥ ብሎ +4 ሊሆን ይችላል፣ ጀርባው −6፤ ድምሩ −2። ገጹን የምንለካባት ሦስት እግር ያላት ሰዓት መሰል መሣሪያ አለች፤ መካከለኛዋ እግር ስትገባ ወይ ስትወጣ መርፌዋ ዳይፕተር ትቆጥራለች። የተሠራችው ለ1.53 ኢንዴክስ ስለሆነ፣ 1.67 ሌንስ ላይ አስቀምጦ ቁጥሯን እንዳለ የሚያምን ሰው ይሸወዳል።

ሁለተኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ማታ 4:02
«በሄደ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል» የምትለዋ ናት የጎደለችኝ! እናም እየተበተነ የሚሄድ ከሆነ ይቀንሳል ማለት ነው?

ሌንስ_ቆራጭ | ሰኞ፣ ማታ 4:06
አዎ፣ ማይነሱ እየሳሳ ወደ ዜሮ ይሄዳል። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ዜሮ የሆነውም ለዚያው ነው።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ | ሰኞ፣ ማታ 4:15
ይኼ ነገር ብርሌ ላይ ይሠራል ወይ? ጠጅ ቤት ተቀምጬ በብርሌው ሆድ ሳይ በሩ ተገልብጦ፣ ሰዉም በአናቱ ሲሄድ አያለሁ። እስከ ዛሬ ከሦስተኛው ብርሌ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ጡረተኛው_መምህር | ሰኞ፣ ማታ 4:33
ከመጀመሪያው ብርሌ በፊትም ይገለበጣል። የብርሌው ሆድ ለኳስ የቀረበ ቅርጽ አለው፤ ብርጭቆው ራሱ ስስ ስለሆነ የውስጥና የውጭ ገጹ የሚያደርጉት እርስ በርሱ ይጣፋል ማለት ይቻላል፣ የሚሠራው ፈሳሹ ነው። ከበሩ የመጣው ብርሃን ከብርሌው ወዲህ በኩል፣ ባንተና በብርሌው መካከል፣ አየር ላይ የተገለበጠ ምስል ይሠራል። ዓይንህ የሚያየው ያንን ነው። ዓይንህን ከብርሌው ጋር ካጣበቅህ ግን ምስሉ ሊሠራበት የሚገባውን ቦታ አለፍክ፤ የምታየው ጭጋግ ነው።

እንዲያውም ብርሌ ኢንዴክስ መለኪያ ይሆናል። ከሩቅ የመጣ ብርሃን ከኋለኛው ገጽ ስንት ራዲየስ ርቆ እንደሚያርፍ እንለካ። ውሃ ከሆነ ልክ አንድ ራዲየስ ነው፤ የልጅቷ 5 ሳንቲ ሜትር እሱው ነው። ኢንዴክሱ 1.5 ቢሆን ግማሽ ራዲየስ ይሆን ነበር፤ ንጹሕ ማር ወደዚያ ይጠጋል። ጠጅና ብርዝ ከውሃ ትንሽ ስለሚበልጡ ከአንድ ራዲየስ ጥቂት ቀደም ብለው ያርፋሉ። ማር በበዛበት ቁጥር ምስሉ ወደ ብርሌው ይጠጋል። ድፍርስ ከሆነ ግን ብርሃኑን ይበትነዋልና ለዚህ አይሆንም።

አንቺ ልጅ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አትቅሪ። ሻማ ከክብ ብርጭቆሽ ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አቁሚ፤ ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ በመነጽር ቤቱ መንገድ አስቢው።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 4:41
ለጥንቃቄ፦ በፀሐይ አትሞክሩት። ውሃ የሞላ ክብ ብርጭቆ መስኮት ላይ ትቶ መሄድም ደግ አይደለም፤ ምስሉ የሚያርፍበት ላይ መጋረጃ ወይም ወረቀት ካለ ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛ_ዓመት | ማክሰኞ፣ ማታ 1:20
ሠራሁት። ሻማው 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ብርሃኑ ገጹ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ −6.67 ነው። ፊተኛው ገጽ +6.67 ጨመረ፤ ዜሮ። ውሃ ውስጥ ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ሄዱ፤ ዜሮ ደግሞ በጉዞ አይቀየርም። ኋለኛው ገጽ +6.67፤ ምስሉ ከኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ። ሁሉም ነገር በግራና በቀኝ እኩል ስለሆነ የምስሉም ቁመት ከሻማው እኩል፣ ግን የተገለበጠ።

ማታ ሰፈሩ መብራት ስለጠፋ ጨለማው ተመቻችቶልኝ ነበር። ነጭ ወረቀት ከኋላ ይዤ ሳንቀሳቅስ ነበልባሉ ተገልብጦ መጣ፤ ታች ሲወዛወዝ በጣም ያምራል። ግን 15 ላይ ጥርት አላለም። ትንሽ ወደ ብርጭቆው ሳቀርበው መካከሉ ደብዝዞ ጠርዙ ይሻላል፣ ሳርቀው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ለምን?

ጡረተኛው_መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 1:55
ፎርሙላው የተሠራው ለአክሲሱ (በኳሱ ማዕከል ለሚያልፈው ቀጥ ያለ መስመር) ለቀረቡ ጨረሮች ብቻ ስለሆነ ነው። ስናወጣው የማዕዘኑን ሳይን በማዕዘኑ በራሱ ተክተነዋል። 10 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ነው፣ ማንም አያየውም። 30 ዲግሪ ላይ ማዕዘኑ በራዲያን 0.524 ነው፣ ሳይኑ 0.5፤ ወደ 5 ከመቶ ተጠጋ። በኳሱ ጠርዝ የሚገቡት ጨረሮች ከዚያም በላይ ናቸው። እነሱ ከልክ በላይ ተሰብረው ከሌሎቹ ቀድመው ይገናኛሉ፣ የመካከሎቹ ራቅ ብለው። አንድ የጠራ ነጥብ የለም ማለት ነው።

ካርቶን ላይ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ በስተሽ ብርጭቆው ፊት አድርጊ። ምስሉ ይጨልማል፣ ግን ይጠራል፤ 15ም ላይ ይመጣል።

ይህን ለማወቅ ሰው ብዙ ለፍቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፋርሱ ከማል አል ዲን አል ፋሪሲና ጀርመናዊው የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ውሃ በሞላ ክብ ብርጭቆ ነበር ቀስተ ደመናን ያጠኑት። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሠርተው ማለት ነው። የስብረቱን ሕግ ኢብን ሳህል በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አግኝቶት ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ስኔል የደረሰበት በ1621 ነው፤ ዛሬ የምንጠራው በእሱ ስም ነው። ታሪክ እንዲህ ናት።

ካዛንቺስ_ነባር | ማክሰኞ፣ ማታ 2:12
ውይይቱን ሳልረብሽ፦ ልጆቼ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ዓሣ ያሳድጋሉ። ዓሣዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ትተልቃለች፣ ወደ እኛ ስትመጣ ታንሳለች። ሲቀርብ ነው እንጂ ሲርቅ የሚተልቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:30
አሁን ዕቃው ውሃ ውስጥ ሆነ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚያልፈው። እዚህ መድረክ ላይ በተያዘው ስምምነት ልሥራው (ተሸነፍኩ)። ራዲየሱ 5 ይሁን።

ዓሣዋ መሀል ላይ ብትሆን፦ ም = −5 ይወጣል። ማለትም የምትታየው እዚያው መሀል ላይ ነው፤ ከማዕከሉ የወጣ ጨረር ገጹን ቀጥ ብሎ ስለሚመታ አይሰበርም። መጠኗ ግን 1.33 ጊዜ ይተልቃል። ማጉያው −(ኢ1 × ም)/(ኢ2 × ቁ) ስለሆነ።

ኋለኛው ግድግዳ ላይ ብትለጠፍ፣ ቁ = 10፦ ም = −15፣ ማጉያ 2። ከእውነተኛ ቦታዋ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላ፣ እጥፍ ሆና ትታያለች። ፊት ለፊት መስታወቱን ብትነካ ደግሞ ምንም አትጎላም፣ ማጉያ 1። ልጆቹ ያዩት ትክክል ነው።

ገጹ ጠፍጣፋ ቢሆን ራ ማለቂያ የለውም፣ የፎርሙላው ቀኝ ወገን ዜሮ ይሆናል። ያን ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለችው 7.5 ላይ ቀርባ ትታያለች፣ ማጉያዋም 1 ነው። ኩርባው ነው ነገሩን የገለበጠው።

ቀይ_ሴል | ማክሰኞ፣ ማታ 2:51
ከላብራቶሪ በኩል ትንሽ ልጨምር። ወባ ስናይ በማይክሮስኮፑ 100 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስና በስላይዱ መካከል ዘይት እናንጠባጥባለን። የዘይቱ ኢንዴክስ ወደ 1.515 ነው፣ ከስላይዱ መስታወት ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ኢ2 − ኢ1 ዜሮ ሲሆን ገጹ አለ ግን ብርሃን አያየውም፤ ከስላይዱ በሰፊ ማዕዘን የወጣው ጨረር ሳይሰበርና ሳይመለስ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። አዲስ ተማሪ ዘይቱን ረስቶ «ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል» ይላል፤ በየዓመቱ።

ሌንስ_ቆራጭ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:03
ቀይ ሴል ያለው ዓይናችን ላይም አለ። ከዓይን ብርሃን የመሰብሰብ አቅም ትልቁን ድርሻ የያዘው የውስጡ ሌንስ ይመስላል፤ ግን የፊቱ ጥርት ያለ ገጽ፣ ኮርኒያ ነው። ራዲየሱ 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ኢንዴክሱ 1.376። ከአየር ጋር 48 ዳይፕተር ይሰጣል፤ ከኋላው ገጽ ወደ 6 ይቀነሳል። ዓይን በጠቅላላው 60 ገደማ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ያለቀው በር ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ዓይን ስትገልጡ ግን ልዩነቱ 1.376 ሲቀነስ 1.333 ብቻ ነው፤ የፊተኛው ገጽ ከ48 ወደ 5.5 ይወርዳል። ዋናተኛ ጭጋግ የሚያየው ለዚህ ነው። የዋና መነጽር ምንም ቁጥር የለውም፤ የሚያደርገው ከኮርኒያው ፊት አየርን መመለስ ብቻ ነው።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10
ሸምድጂ ያልኩትን አንስቻለሁ። እንዲያውም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ማታ ማታ የአስፋልት መስመር ቀለም መኪና ሲያበራበት የሚያንጸባርቀው በዚሁ ነው?

ጡረተኛው_መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 3:22
በዚሁ ነው። ቀለሙ ላይ ደቃቅ የመስታወት ዶቃ ይበተንበታል። እያንዳንዷ ዶቃ የመብራቱን ብርሃን በጀርባዋ አካባቢ ትሰበስባለች፣ ቀለሙ ይመልሰዋል፣ ዶቃዋ ደግሞ በመጣበት አቅጣጫ ወደ ሹፌሩ ትልከዋለች። ኢንዴክሱ 2 ቢሆን ልክ ጀርባዋ ላይ በተሰበሰበ ነበር፤ ተራ መስታወት 1.5 ገደማ ስለሆነ ትንሽ አልፎ ነው። ይበቃል ግን።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:35
ሁለተኛ ዓመት፣ ለሐሙስ አንድ ላዘጋጅልሽ። ውሃ ውስጥ ድቡልቡል የአየር አረፋ አለ፣ ራዲየሱ ያው 5 ሳንቲ ሜትር። ብርሃኑ ከሩቅ፣ ውሃ ውስጥ ይመጣል። ምስሉ የት ነው? ቅርጹ እንደ ሰብሳቢ ሌንስ ነው፣ እንዳያታልልሽ።

ሁለተኛ_ዓመት | ማክሰኞ፣ ማታ 3:58
አሁን ከውሃ ወደ አየር ነው፤ ኢ2 − ኢ1 ኔጌቲቭ ስለሆነ ፊተኛው ገጽ −6.67። ኋለኛው ገጽ ከአየር ወደ ውሃ ነው፣ ራ ግን ኔጌቲቭ፤ እሱም −6.67። ሁለቱም በታኝ።

ከሩቅ የመጣው 0 ሆኖ ይደርሳል፣ −6.67 ሆኖ ይገባል፤ ከገጹ ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ ነጥብ የወጣ ይመስላል። አረፋው ውስጥ 10 ሲጓዝ ነጥቡ 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ቁጥሩ −4 ይሆናል። ማይነሱ ሳሳ። ኋለኛው ገጽ −6.67 ሲጨምር −10.67። ውሃ ውስጥ ስለሆነ 1.333 ሲካፈል በ10.67፦ ከኋለኛው ገጽ ወደ ፊት 12.5 ሳንቲ ሜትር። ቨርቹዋል ነው፣ ወረቀት ላይ አይያዝም። አረፋው 10 ስለሆነ ምስሉ ከፊተኛው ገጽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ውሃው ውስጥ ነው።

ም = −12.5።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:04
ልክ ነው። በእኔ ስምምነትም −12.5 ነው።